የቨርሞንት የኮሌጅ ከተሞች፦ የትኛው ነው የሚያምረው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቨርሞንት ትንሽ ግዛት ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 643,000 ገደማ ነበር። ከዋዮሚንግ በቀር ከእሷ ያነሰ ሕዝብ ያለው የአሜሪካ ግዛት የለም። ኮሌጅ ግን አላነሳትም። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ግቢ ለግቢ የሚዞሩ ወላጆች፣ እዚያ ተምረው የወጡ ልጆችና በመስከረም መጨረሻ ቅጠል ለማየት የሚሄዱ ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ክርክሩ መነሳቱ አይቀርም፦ "ከሁሉም የሚያምረው የቱ ነው?"

ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የሚገጥሙኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አድልዎ አለ፣ አልደብቅም። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"የኮሌጅ ከተማ" የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው?

ኮሌጅ ያለበት ቦታ ሁሉ የኮሌጅ ከተማ አይባልም። የእኔ መለኪያ እግር ነው። ተማሪው ከዶርሙ ወጥቶ በእግሩ ዋናው መንገድ ላይ ይደርሳል? የከተማው ሰውስ ወደ ግቢው ይወጣል? ኮንሰርት ለመስማት፣ ሆኪ ለማየት፣ ውሻውን ለማንሸራሸርም ቢሆን? ሁለቱም አዎ ከሆኑ የኮሌጅ ከተማ ነው። ግቢው ለብቻው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ከተማው ማዶ ከሆነ ግን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።

ክርክሩ የማያልቀውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የግቢው ውበት፣ የከተማው ውበትና የአካባቢው መልክዓ ምድር ይደበላለቃሉ። አንዱ ስለ ድንጋይ ሕንጻ ሲያወራ ሌላው ስለ ተራራ ይመልስለታል። ቨርሞንት ውስጥ ደግሞ ተራራ የማይታይበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ተራራውን ከሒሳቡ አውጡት። ሁሉም ጋ አለ። የሚቀረው ጥያቄ ግቢውና ከተማው ይነጋገራሉ ወይ የሚለው ነው።

በአጭሩ፣ የትኛው ነው?

ለዓይን ሚድልበሪ። ለኑሮ በርሊንግተን። ሰው ሳያየው የሚያልፈው ኖርዝፊልድ ነው።

ሚድልበሪን ለምን አስቀደምክ? ሁሉም እሱን ነው የሚለው።

ሁሉም የሚለው ነገር አንዳንዴ እውነት ይሆናል።

ሚድልበሪ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ኮሌጁን በ1800 ያቋቋሙት የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። "የእኛ ልጆችም ይማሩ" ብለው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይታያል። ኮሌጁ ከከተማው ሸሽቶ አልተሠራም። ከመሃል ከተማ ተነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ብትራመዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢ ውስጥ ናችሁ።

መሃል ከተማው ላይ ኦተር ክሪክ የሚባለው ወንዝ ፏፏቴ ሠርቶ ይወርዳል። ድልድዩ ከሱቆቹ ጋር ተያይዞ ስለቆመ ሳታስቡት ታልፉታላችሁ። ድምፁን ሰምታችሁ ዞር ስትሉ ነው ውሃው የሚታያችሁ። ከፏፏቴው በታች የእግረኛ ድልድይ አለ። ማዶው ድሮ እብነ በረድ የሚቆረጥበት ሥፍራ ነበር፣ አሁን ሱቆችና ቢሮዎች ገብተውበታል። ፏፏቴውን ፊት ለፊት ለማየት ከእግረኛው ድልድይ የተሻለ ቦታ የለም። ፀደይ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማውራት ያስቸግራል።

ግቢው ኮረብታ ላይ ነው። "ኦልድ ስቶን ሮው" የሚባሉት ሦስት ግራጫ የድንጋይ ሕንጻዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከመካከላቸው ፔይንተር ሆል በ1816 የተሠራ ሲሆን በቨርሞንት ካሉት የኮሌጅ ሕንጻዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነው። ከበላያቸው በ1916 የተሠራው ነጭ የእብነ በረድ ጸሎት ቤት አለ። በምሥራቅ ግሪን ማውንቴንስ፣ በምዕራብ ማዶ ኒው ዮርክ ያሉት የአዲሮንዳክ ተራሮች ይታያሉ። ተራራውን ከሒሳቡ አውጡ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አዎ። እዚህ ግን ትንሽ ያስቸግራል።

ሌላም አለ። ብዙ የኮሌጅ ከተሞች ክረምቱ ሲያልፍ፣ ተማሪው ሲበተን ጭር ይላሉ። ሚድልበሪ አይልም። ከ1915 ጀምሮ በየበጋው የቋንቋ ትምህርት ቤት አለው። ተማሪዎቹ የሚማሩትን ቋንቋ ብቻ ለመናገር ፈርመው ይገባሉ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ መንገድ ስታቋርጡ አጠገባችሁ ያሉት ሁለት አሜሪካውያን በተሰባበረ ራሽያኛ ስለ ምሳ ሲከራከሩ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ዐረብኛ አለ፣ ቻይንኛ አለ፣ ጃፓንኛ አለ። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ለእኛ ሰው ልጆች ሁሌ የምነግረው አንድ ታሪክም ከዚሁ ኮሌጅ ነው። አሌክሳንደር ትዋይላይት በ1823 ከሚድልበሪ ተመረቀ። በአሜሪካ ከኮሌጅ በዲግሪ እንደተመረቀ የሚታወቀው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ያኔ ባርነት በደቡቡ ገና ሕጋዊ ነበር። በ1836 ደግሞ ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። ግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሕንጻ አለ። የጉብኝት መሪው ካላሳያችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ጉድለቱ? ውድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ማታ ዘጋግቶ ይተኛል። ከተማው ውስጥ ሁለት ቀን ከዋላችሁ ሦስተኛው ቀን ላይ የምታገኙት ሰው ሁሉ ትናንት ያገኛችሁት ነው። ለአንዳንድ ልጅ ይህ ሰላም ነው፣ ለሌላው እስር ቤት።

በርሊንግተን ትልቁ ከተማ ሆኖ ሳለ እንዴት ሁለተኛ ይሆናል?

"ትልቁ" ሲባል አትደንግጡ፣ 45,000 ገደማ ሰው ነው ያለው። ለቨርሞንት ግን ሜትሮፖሊስ ነው።

የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም "ዩቪኤም" እያለ የሚጠራው፣ የተቋቋመው በ1791 ነው። ቨርሞንት 14ኛዋ ግዛት ሆና አሜሪካን የተቀላቀለችውም በዚያው ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮረብታው አናት ላይ ነው። ሣሩ ሜዳ ፊት ለፊት የቆመው "ኦልድ ሚል" የሚባለው ረጅም ሕንጻ የመሠረት ድንጋዩን በ1825 ያስቀመጠለት ፈረንሳዊው ማርኪ ደ ላፋዬት ነው።

የበርሊንግተን ውበት ግን ሕንጻው አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው። ከግቢው ኮሌጅ ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ታች መውረድ ነው። መጀመሪያ ትልልቅ የእንጨት ቤቶች፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከዚያ ቸርች ስትሪትን ታቋርጣላችሁ። ቸርች ስትሪት ከ1981 ጀምሮ መኪና የማይገባበት የእግረኛ መንገድ ነው። አራት ብሎክ ብቻ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋበትም። በስተሰሜን ጫፉ በ1816 የተሠራ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ይዘጋዋል። ኮሌጅ ስትሪትን ይዛችሁ ከቀጠላችሁ ሌክ ሻምፕሌን ላይ ትደርሳላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሐይቁ ማዶ በአዲሮንዳክ ጀርባ ትገባለች፣ ሰዉም ሥራውን ጨርሶ እዚያ ዳር ላይ ይቀመጣል። ተማሪ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ስደተኛ፣ ሁሉም። የኮሌጅ ከተማ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ? መሃል ከተማው ዓመታት ተጎሳቁሏል። አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ፈርሶ ቦታው ለዓመታት ጉድጓድ ሆኖ ቆየ፣ ነዋሪውም "ጉድጓዱ" እያለ ይቀልድበት ነበር። የአደንዛዥ ዕፅና የቤት አልባነት ችግሩም ጎልቶ ይታያል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ በብዙ የአሜሪካ ከተማ ያለ ነገር ነው። "ያምራል ወይ?" ብሎ ለጠየቀ ሰው ግን ይህን ዘልሎ መመለስ አይቻልም።

ለኑሮስ? ልጄ ዩቪኤም ገብቷል፣ ቤት እንዴት ነው?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዶርም ውስጥ መኖር ግዴታ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው። ቤት ጠፊ ነው፣ ኪራዩም የሚያናድድ ነው። ተማሪው ከከተማው ሠራተኛ ጋር ለአንዱ አሮጌ ቤት ይሻማል፣ የከተማው ሰውም በዚህ ቅሬታ አለው። ያምራል የምትሉት የእንጨት ቤት ውስጡ ስትገቡ አምስት ተማሪ ተደራርቦበት ታገኙታላችሁ።

አብዛኛው የተማሪ ኪራይ ውል ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስለሚቀያየር፣ በዚያ ሰሞን በርሊንግተንን ለጉብኝት አትምረጡ። ሶፋ፣ ፍራሽ፣ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ ያልታጠበ ድስት ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ነው የሚጠብቃችሁ። በሌላ በኩል ልጃችሁ ቤት የሚያሟላ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

ኳስ ለሚወድ ደግሞ አንድ ነገር፦ የዩቪኤም የወንዶች እግር ኳስ ቡድን በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። ያልተጠበቀ ቡድን ነበር፣ ፍጻሜውንም በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ነው የወሰደው። ከተማው ያን ሰሞን አላበደም ማለት አይቻልም።

ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ ኖርዊች ከተማ አይደለም እንዴ ያለው?

አይደለም። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ካርታ ላይ ስሙን ብቻ አይታችሁ መኪና ብታስነሱ ሌላ ቦታ ትደርሳላችሁ። ትምህርት ቤቱ በ1819 ኖርዊች ውስጥ ተመሠረተ። ሕንጻው ከተቃጠለ በኋላ በ1866 ወደ ኖርዝፊልድ ተዛወረ፣ ስሙን ግን ይዞ ሄደ።

ኖርዝፊልድ ከግዛቱ ዋና ከተማ ከሞንትፒሊየር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ካሉ የግል ወታደራዊ ኮሌጆች ሁሉ አንጋፋው ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያለው የመጠባበቂያ መኮንኖች ሥልጠና ሐሳቡ የተወለደው እዚህ ነው ይባላል። ሴቶችን ወደ ካዴትነት የተቀበለው በ1974 ነው፣ የአሜሪካ ጦር አካዳሚ የሆነው ዌስት ፖይንት ከመቀበሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ።

ከተማው በራሱ ተራ ነው። አንድ አደባባይ፣ ጥቂት ሱቅ፣ ከዚያ አለቀ። ታዲያ ምኑ ያምራል? ሥርዓቱ። የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች በሰልፍ ሜዳው ላይ ሲያልፉ፣ ከኋላቸው ጫካ የለበሰው ተራራ ሲታይ፣ ሌላ ቦታ የማታገኙት ዓይነት መልክ አለው። ከከተማው ወጣ ብላችሁ ኮክስ ብሩክ መንገድ ከገባችሁ ደግሞ ጣራ ያላቸው የእንጨት ድልድዮች በአጭር ርቀት ተከታትለው ታገኛላችሁ። አንዱ ውስጥ ቆማችሁ ቀጣዩ ይታያችኋል። ለዚህ ነው ሰው ሳያየው ያልፈዋል ያልኩት። ከአውራ ጎዳናው ማን ይወጣል?

ሃኖቨርን ለምን አልቆጠርከውም? ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ኒው ሃምፕሸር ስለሆነ! ዳርትመዝ ኮሌጅና ሃኖቨር ከኮነቲከት ወንዝ ማዶ ናቸው። ከቨርሞንቷ ኖርዊች ድልድዩን በእግር ተሻግሮ መድረስ ይቻላል፣ ብዙ የዳርትመዝ መምህራንም የሚኖሩት ቨርሞንት በኩል ነው። በ1963 ሁለቱ ከተሞች በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሁለት ግዛት የጋራ የትምህርት ቤት አስተዳደር አቋቁመዋል። ግን ድንበር ድንበር ነው።

እርግጥ ነው ነገሩን አጥብቆ ለሚከራከር ሰው አንድ መከራከሪያ ልስጥ። በ1778 ሃኖቨርን ጨምሮ በወንዙ ማዶ ያሉ ከተሞች ከኒው ሃምፕሸር ተገንጥለው ቨርሞንትን ተቀላቅለው ነበር። አልዘለቀም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክረው ተመለሱ። ስለዚህ "ሃኖቨር የቨርሞንት ነው" ብሎ የሚከራከር ሰው ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ዘግይቷል እንጂ ፈጽሞ አልተሳሳተም።

ቤኒንግተንስ? ጓደኞቼ ግቢው ያምራል ይሉኛል።

ግቢው ያምራል። ከተማውም አይከፋም። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

ቤኒንግተን ኮሌጅ በ1932 በሴቶች ኮሌጅነት የተከፈተ ነው፣ ወንዶችን የተቀበለው በ1969 ነው። ድሮ እርሻ የነበረ ሰፊ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ነጫጭ የእንጨት ቤቶች ሰፊውን ሣር ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል፣ ሣሩ ጫፍ ላይ ሜዳው ድንገት ወደ ታች ይወርድና ዓይናችሁ ተራራው ላይ ያርፋል። ሥነ ጥበብ ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማሰብ ይከብዳል። ወደ መሃል ከተማ ግን ኪሎ ሜትሮች አሉት፣ መኪና የሌለው ተማሪ ያውቀዋል።

ከተማው የራሱ ታሪክ አለው። 93 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሐውልት በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ወቅት፣ በ1777 የተካሄደውን የቤኒንግተን ውጊያ ያስታውሳል። የሚገርመው ውጊያው የተካሄደው አሁን ኒው ዮርክ በሆነው መሬት ላይ ነው፣ ሐውልቱና ስሙ ግን ለቤኒንግተን ደረሰ። ገጣሚው ሮበርት ፍሮስትም የተቀበረው እዚያው፣ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን መቃብር ውስጥ ነው።

ካስልተን፣ ጆንሰን፣ ሊንደን፣ ራንዶልፍ?

እነዚህ ሁሉ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ "ቨርሞንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ" በሚል አንድ ስም ተጠቃለዋል። ሊንደን በአየር ትንበያ ትምህርቱ ይታወቃል። ጆንሰን በዚያው ሐምሌ ወር ጎርፍ ክፉኛ መታው። ራንዶልፍን ለውበቱ የሚሟገትለት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፣ ጥሩ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ግን ነው።

ከአራቱ ለውበት የምመርጠው ካስልተንን ነው። ትምህርት ቤቱ ከ1787 ጀምሮ አለ፣ ማለትም ከግዛቲቱ ራሷ ይቀድማል። ዋናው መንገድ ዳር የተሰለፉት ባለ ዓምድ ነጫጭ ቤቶች ዘመናቸውን ጠብቀው ቆመዋል። ቦሞሲን ሐይቅም ቅርቡ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ዩኒቨርሲቲው ገና ሊዋሃድ ሲል፣ በየካቲት 2023፣ አስተዳደሩ ቤተ መጻሕፍቱን ወደ ዲጂታል እንለውጥ፣ አብዛኛውን የወረቀት መጽሐፍ እናውጣ ብሎ አስታወቀ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ተነሳበት። በሚያዝያ ፕሬዚዳንቱ ለቀቁ፣ ዕቅዱም ተቀለበሰ። ከተማና ግቢ ይነጋገራሉ ወይ ስል ይህንንም ማለቴ ነው።

ዊኑስኪና ሴንት ማይክልስ ይቆጠራሉ?

ሴንት ማይክልስ በ1904 የተመሠረተ የካቶሊክ ኮሌጅ ነው። አድራሻው ኮልቸስተር ቢሆንም ተማሪው እግሩ የሚወስደው ወደ ዊኑስኪ ነው። ዊኑስኪ ትንሽ ናት፣ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ አፓርታማ ሆነዋል። እኛን የምትስበን ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከኔፓል የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሰፈሩባት ናት። ከ2021 ወዲህ ዜግነት የሌላቸው ሕጋዊ ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላሉ። ከኮሌጁ ማዶ ባለው ፎርት ኢተን አለን ደግሞ ከ1909 እስከ 1913 የጥቁር ወታደሮች ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ሰፍሮ ነበር። ለዓይን አንደኛ አትሆንም፣ ለመንፈስ ግን ከብዙዎቹ ትበልጥብኛለች።

ኮሌጃቸው የተዘጋባቸው ከተሞች በክርክሩ ይገባሉ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው፣ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

በ2019 ብቻ ሦስት ኮሌጆች ተዘጉ፦ በፖልትኒ ግሪን ማውንቴን፣ በቤኒንግተን ሳውዘርን ቨርሞንት፣ በራትላንድ ሴንት ጆሴፍ። በ2020 ማርልቦሮ ተከተለ። በ2024 በፕሌንፊልድ የነበረው ጎዳርድ ተዘጋ። ምክንያቱ ብዙም አይለያይም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኮሌጅ የሚገባ ወጣት ቁጥር ቀንሷል። ቨርሞንት ራሷ በዕድሜ ከገፉት ግዛቶች አንዷ ናት። ትንሽ ኮሌጅ ደግሞ የሚኖረው ከተማሪ በሚሰበስበው ክፍያ ነው፣ የተቀመጠ ብዙ ገንዘብ የለውም። ሃምሳ ተማሪ ሲቀርበት ይንገዳገዳል።

ፖልትኒን ብታዩት ነገሩ ይገባችኋል። ዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ይሄድና በኮሌጁ ዋና ሕንጻ ፊት ያበቃል። ከተማው የተሠራው ወደ ኮሌጁ እየተመለከተ ነው። ካፌው፣ መጽሐፍ መደብሩ፣ የሚከራዩት ቤቶች፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ላይ ነው ያሉት። ኮሌጁ ከ1834 ጀምሮ ነበር። ከተዘጋ በኋላ በ2020 ግቢው በጨረታ ተሸጠ፣ የገዛው አንድ የውስኪ ነጋዴ ነው። ሕንጻው ዛሬም ያምራል፣ ዛፎቹም እዚያው አሉ። መንገዱ ግን የሚያመላክተው ነገር የለውም።

ማርልቦሮ ትንሽ ይሻላል። ከ1951 ጀምሮ በየበጋው እዚያ የሚካሄድ የታወቀ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል ስላለ ግቢው ባዶውን አልቀረም።

ስለዚህ መልሴ፦ ለመልክ ከሆነ ይቆጠራሉ፣ ሂዱና እዩአቸው። ለልጃችሁ ኮሌጅ ስትመርጡ ደግሞ "ያምራል" ካላችሁ በኋላ "ከአራት ዓመት በኋላም ይኖራል?" ብላችሁ ጠይቁ። የተማሪው ቁጥር ባለፉት ዓመታት ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመግቢያ ቢሮው ካድበሰበሰ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባሉት ሳምንታት ቅጠሉ ቀልቶ፣ ወርቅ መስሎ ሁሉም ከተማ ያምራል። ለዚህም ነው ለመፍረድ የማይበጀው። ሆቴሉም በዚያ ሰሞን እሳት ነው።

ከተማ የሚፈተነው በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ የሚሆንበት ወቅት ነው፣ የአገሩ ሰው "የጭቃ ወቅት" ይለዋል። ያን ጊዜ አይታችሁ የወደዳችሁትን ከተማ ዓመቱን ሙሉ ትወዱታላችሁ። ክረምቱን በተመለከተ፣ በርሊንግተን በዓመት ሁለት ሜትር ገደማ በረዶ ይጥልበታል። በታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሆን ፀሐይ ትጠልቃለች። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ጃኬት አያውቅም። ሚድልበሪ ግን ክረምቱንም ጨዋታ አድርጎታል፤ በየካቲት የሚመረቁት ተማሪዎች ካባቸውን ለብሰው ከኮሌጁ ተራራ ላይ በስኪ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ።

ከዋሽንግተን ወይም ከኒው ዮርክ እንዴት ይደረሳል?

መኪና ካላችሁ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቨርሞንት ከ1968 ጀምሮ በመንገድ ዳር ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከልክላለች፣ ስለዚህ መንገዱ ራሱ ያምራል።

በባቡር ከሆነ ብዙ ሰው የማያውቀው ምቾት አለ። ከ2022 ጀምሮ ከኒው ዮርክ የሚነሳው ኢተን አለን ኤክስፕረስ እስከ በርሊንግተን ይደርሳል፣ በመንገዱም ካስልተንና ሚድልበሪ ይቆማል። ሦስት የኮሌጅ ከተሞች በአንድ ትኬት! ከዋሽንግተን የሚነሳው "ቨርሞንተር" ደግሞ ኤሴክስ ጀንክሽን ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በርሊንግተን ቅርብ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስንቅ ያዙ።

የሐበሻ ሰው አለ? እንጀራስ?

በዋሽንግተን አጠገብ ያለችውን፣ ሐበሻ የበዛባትን ሲልቨር ስፕሪንግን የለመደ ሰው ሐሳቡን ያስተካክል። ከአሥር የቨርሞንት ነዋሪ ዘጠኙ ነጭ ነው። ልጃችሁ በክፍሉ ብቸኛው ሐበሻ ሊሆን ይችላል፣ ይህን አስቀድሞ ቤት ውስጥ መነጋገር ይሻላል። በርሊንግተንና ዊኑስኪ ከሌሎቹ ከተሞች በጣም የተሻሉ ናቸው። ሐበሻ ምግብ ቤት የለመደ ሰው አማርጦ መብላት ሲያምረው ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል አለለት፣ ከበርሊንግተን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንበር መሻገር ስለሚያስፈልግ ግን በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ወረቀቱን አስተካክሎ ይሂድ። ካልሆነም ቦስተን። አብዛኛው ወላጅ የሚያደርገው እንጀራውን አሽጎ፣ በረዶ አድርጎ መላክ ነው፣ የዶርም ፍሪጅ ትንሽ መሆኑን አትርሱ።

ውበት ኮሌጅ ለመምረጥ መስፈርት ይሆናል?

አንዱ መስፈርት ይሆናል፣ የመጀመሪያው ግን አይደለም። አራት ዓመት የሚኖርበትን ቦታ የማይወድ ልጅ ትምህርቱም አይቀናውም። ግን መጀመሪያ ሒሳቡ ይሠራ። ዩቪኤም ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ተማሪ የሚያስከፍለው የትምህርት ክፍያ ለነዋሪው ከሚያስከፍለው ከእጥፍ ይበልጣል፣ አብዛኛው ተማሪው ደግሞ ከሌላ ግዛት የመጣ ነው። ሚድልበሪ ሙሉ ዋጋው በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን ሰምተው ብዙ ወላጆች በሩን ዘግተው ይሄዳሉ። አትሂዱ። ሚድልበሪ የተቀበለውን ተማሪ የተረጋገጠ የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ የሚል ኮሌጅ ነው። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ "ውዱ" ኮሌጅ ከ"ርካሹ" የሚቀንስበት ጊዜ አለ። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የቤተሰብ ገቢ አስገብቶ ግምት የሚሰጥ ማስያ አለ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መግባቱ ከባድ ነው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ቀን ብቻ ካለንስ?

ጠዋት በርሊንግተን ግቢው አናት ላይ መኪናችሁን አቁማችሁ በኮሌጅ ስትሪት እስከ ሐይቁ በእግር ውረዱ። ሽቅቡ ያደክማል፣ ቸርች ስትሪት ላይ ቡና ጠጡና ተመለሱ። ከዚያ በመንገድ 7 ወደ ደቡብ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሚድልበሪ። ምሳ እዚያ ብሉ፣ ከፏፏቴው በታች ያለውን የእግረኛ ድልድይ አትዝለሉ። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ በመንገድ 125 ወደ ሪፕተን ውጡ፣ ሮበርት ፍሮስት በጋውን ያሳልፍበት የነበረው አካባቢ ነው። ካርታውን ግን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ ይጠፋል።